ለደመና ቀን ጥቁሩ

ቅናተኛ አይደለሁም እያልኩ ስድሳ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ከዚያ ከርቲስ መጣ።

ከርቲስ የዌንዴልን ልጅ ያገባ ነው። ዌንዴል ደግሞ የእኔ ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ሌላ እንዴት ይባላል? ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ጀልባ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን፣ እዚሁ ኬንታኪ ሐይቃችን ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ስናጠምድ ኖረናል። ሚስቴ ኦፓል፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔን ያገባኸኝ በስህተት ነው» ትለኝ ነበር። ባለፈው ሰኔ ግን ከርቲስ እንደ ገና ዛፍ የሚያብለጨልጭ ጀልባ ገዛና ዌንዴል በሴት ልጁ ልመና እሱ ላይ ወጣ። የእኔ አሮጌ ጀልባ የፊት ወንበር ባዶ ቀረ። የወንበሩን ቅዳጅ በግራጫ ፕላስተር የለጠፈው ራሱ ዌንዴል ነው። ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

የክለባችን የመስከረም ውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው ዌንዴልን የዓሣ ዕቃ መሸጫው በር ላይ አገኘሁትና አላስችል አለኝ።

«እንወራረድ» አልኩት። «ካሸነፍኩህ ከሚያዝያ ጀምሮ ወደ ጀልባዬ ትመለሳለህ።»

«እኔ ካሸነፍኩህስ?»

«ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አፌን አልከፍትም። ከዚያ ልጅ ጋር ትቀራለህ።»

ዌንዴል ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «ግባና ሰው እየሰማ በለው» አለኝ። ገብቼ ሱቁ ሙሉ እየሰማ ደገምኩት። ሰው መስማቱን ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩም።

እኛ ዘንድ የትም ያልተጻፈ አንድ ሕግ አለ። በውድድር ጠዋት ጀልባ ወደ ውኃ ሲወርድ ማንም እውነተኛ ማባበያውን፣ ዓሣ የሚያታልልበትን ሰው ሠራሽ ምግብ፣ ለሰው ዐይን አይተውም። የማጥመጃ ዘንጉን ይሸፍናል፣ ወይም ማባበያውን ከክሩ ላይ ፈትቶ ኪሱ ይከታል። ሳይሸፈን የተጋደመ ካየህ አንተን ለማሳሳት የተቀመጠ ውሸት ነው። እኔና ዌንዴል አንዲት ሐምራዊ የጎማ ትል ፊት ለፊት እያጋደምን ስንቱን አጃጅለናል! አንድ ዓመት ግማሹ ክለብ ሐምራዊ ትል ሲጎትት ውሎ ባዶ እጁን ገባ። እኛ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

የውድድሩ ዕለት ሰማዩ አመድ ለብሶ ነጋ። ብርድ ብርድ ይላል፤ ሁሉም ጃኬቱን ደርቧል፤ በየጀልባው የሚወራውም ጎኑ ላይ ቅጠል የምታህል ቆርቆሮ ስለምትሽከረከርለት ነጭ ማባበያ ብቻ ነው። በመጸው መጀመሪያ ትንንሾቹ ብርማ ዓሦች ወደ ጅረቶቹ ጥግ ይገባሉ፤ ትልልቁ ዓሣ ይከተላቸዋል፤ ነጩ ደግሞ እነሱን ይመስላል። እኔም ነጩን አስሬ ሸፍኜዋለሁ።

የከርቲስ ጀልባ ላይ ግን የዌንዴል ዘንግ ሳይሸፈን ተጋድሟል። ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ነው፣ ያ ውኃው ላይ እየተንጫጫ የሚሄደው። እኛ የምናወጣው በሐምሌ ንጋት ብቻ ነበር።

«ምን አፈጠጥክ?» አለኝ ዌንዴል።

«እሱ ምንድን ነው?»

«የዛሬው ነዋ። ደመና ሲሆን ዓሣው ከሥር ሆኖ ሲያይ ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ለዐይኑ ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ነው። ፀሐይ ከሌለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከላይ ይውላል።»

«እንዴት ያለ ደግ ሰው ነህ!»

«ኦርቪል፣ እውነቴን ነው።»

ከርቲስ ከኋላው ብቅ አለ። «ሚስተር ኦርቪል፣ ያ ቆርቆሮ ጀልባዎ እስካሁን ውኃ አላስገባም?»

«ቆርቆሮ ቢሆንም የሰው ጓደኛ አይሰርቅም» አልኩት። ዌንዴል መሬት መሬት አየ።

ደሜ ፈላ። ትሏን የምናጋድማት ለባዕድ ነበር። አሁን ጥቁሩን ለእኔ አጋደመልኝ፣ ያውም ማብራሪያ ጨምሮበት። ሞተሬን አስነስቼ ዞር ብዬ ሳላይ ሄድኩ።

ቀኑን ሙሉ ነጩን ወረወርኩ። የሚመዘነው በሕይወት ያለ አምስት ዓሣ ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል የያዝኩት አራት ደቃቃ ነበር። ሣጥኔ ውስጥ ያው ጥቁር አለ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር እንተያያለን። ልቤ ዌንዴል ያለው ልክ እንደሆነ ነግሮኛል፤ ነገር ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እሱ በሳቀብኝ ነገር ከማሸንፍ በራሴ ብሸነፍ ይሻለኛል አልኩ።

ግማሽ ሰዓት ሲቀረኝ ጥቁሩን በንዴት አሰርኩት። አንዴ ወረወርኩ። አምስት ክንድ ሳይጓዝ ውኃው ፈነዳ፤ ቀኑን ሙሉ ያላየሁት ዓይነት ዓሣ ይዤ አወጣሁ። ደግሜ ስወረውር ሌላ፣ ከዚህኛውም የባሰ፣ ነክሶ ለቀቀኝ። ከዚያ መመለሻ ሰዓት ደረሰ። ደስ አላለኝም። ያ ሌባ ዌንዴል ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ሲያደርግ ነው የዋለው እያልኩ እርር ድብን ብዬ ተመለስኩ።

የእኔ አሥራ አንድ ፓውንድ መዘነ። የእነሱ አሥራ አንድ ተኩል።

«በነጩ ነው!» እያለ ከርቲስ ይዘላል። «አምስቱንም እኔ ነኝ የያዝኳቸው! አባባ ዛሬ አልቀናቸውም፤ ያን ጥቁራቸውን እንኳ አንድ ጊዜ አልወረወሩትም።»

ወደ ጀልባቸው ሄድኩ። ጥቁሩ ጠዋት እንደተጋደመ አለ። በጣቴ ነካሁት፤ ደረቅ ነው። ዌንዴል አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«አልወረወርከውም» አልኩት።

«ለአንተ እኮ ነው ያጋደምኩት።»

«ለምን?»

«ኧረ በስመአብ፣ ኦርቪል! ልጄን ‹ባልሽን ትቼ ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ› ልበላት? ውርርድ ተሸንፌ ነው ብላት ግን ማን ይቆጣኛል? ሱቅ ውስጥ ያስለፈለፍኩህ ለምን መሰለህ?»

«በግልጽ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«እውነቴን ነው አልኩህ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ መች ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

አንድም ቀን ማስታወስ አልቻልኩም። የዋሸነው ሁልጊዜ ሌላውን ሰው ነበር፣ ሁለታችን አንድ ላይ።

«አባባ፣ እንሂድ!» አለ ከርቲስ ከመኪናው። ዌንዴል ግን አልተንቀሳቀሰም። ፊት ፊቴን እያየ ጠበቀኝ። አንድ ቃል ብናገር፣ ተመለስ ብለው፣ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። ዙሪያውን አየሁ፤ ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሚዛኑ ጋ ቆመው ያዩናል። አፌን አልከፍትም ብዬ በፊታቸው ቃል ገብቼ ነበር።

አልከፈትኩም።