ዜማ፦ ጓድ አብተው

አቶ ገመዳ የውጭ ትምህርት ማመልከቻ ፎርሙን ከስፌት መኪናቸው ላይ በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ እያሉ የሚያቆላምጧትን ልጃቸውን ኢፍቱን፣ ከእሁድ ጀምሮ በስሟ እንኳ አልጠሯትም።

«ሶፊያ፣ ሞስኮ፣ ላይፕዚግ» ሲሉ አነበቡ። «ለአስረሽ ምቺው የሚሻለው የትኛው ነው?»

«ትምህርት ነው፣ አባባ። ሶፊያ ዘፈኑንም ትወናውንም ውዝዋዜውንም አንድ ላይ ያስተምራሉ። ሌሎቹ ጋ ድምፅ ብቻ ነው። ሶፊያን አንደኛ አድርጌያለሁ። ዋስ ሆነው ይፈርሙልኝ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መግባት አለበት።»

አቶ ገመዳ አልሰሟትም። ዓይናቸው ከፎርሙ ግርጌ፣ አብሮ ስለሚላከው ካሴት በተጻፈችው መስመር ላይ ቀርቷል። «ዜማ፦ ጓድ አብተው» ትላለች።

«ካድሬው ነው ዜማውን ያወጣው?»

 ዜማው የኢፍቱ ታላቅ ወንድም፣ የነገሪ ነው። ነገሪ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ የቀበሌ አዳራሽ ሲሆን፣ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተያዘ፤ ይኸው ከታሰረ አሥር ወሩ። እሷ ደግሞ በዚያው አዳራሽ የኪነት ቡድኑ ድምፃዊት ሆነች። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሦስት ቀን አዲስ ዘፈን አምጪ ስትባል፣ ቢጨንቃት አፏ ላይ የመጣውን የነገሪን መዝሙር ይዛ «ጌታ» ያለበት ላይ «አብዮት» ከተተችበት። ለውጭ ትምህርት ሊመለምሉ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ቆመው አጨበጨቡላት። ሞኝነቷ፣ ማንም አያውቀውም ብላ ማሰቧ ነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲለቀው የናዝሬት ምእመን ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚላት የለም።

«ነገሪም ሰምቶታል» አሉ አባቷ። «እሁድ ስንቅ ሳደርስለት ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቂያለሽ? ‹ስሜ አለበት?› ነው ያለኝ።»

«ስሙን ከጻፍኩ እኮ ይሰርዙኛል።»

አቶ ገመዳ እስኪብርቶውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው የዋሱ ቦታ ላይ ፈረሙና ፎርሙን ወረወሩላት።

«እንቺ። ከለከለኝ እንዳትዪ። አሁን የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው።»

ካድሬው ጓድ አብተው የቀበሌው ቢሮ ውስጥ ፎርሙን ገና ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሞስኮን አንደኛ አድርጊ አላልኩሽም? ዳንኪራ ልትረግጪ ነው የምንልክሽ?»

«የተፈተንኩት ለሙዚቃዊ ቴአትር ነው፣ ጓድ።»

«እሺ፣ ሂጂና ርገጪ። ፊርማሽስ የታለ?»

«የሞላሁት እውነት ነው ብዬ ነው የምፈርመው» አለች ኢፍቱ። «ዜማው ደግሞ የእርስዎ አይደለም።»

አብተው ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«የማን እንደሆነ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ለበዓሉ የእስረኛ መዝሙር አመጣሽብኝ። ስሜን የጻፍኩት አንቺን ለማትረፍ ነው። ፈርሚና ከፊቴ ጥፊ፣ ፎርሞቹን የሚወስደው መኪና ሊነሳ ነው።»

ዘፈኑን ያጸደቀው ራሱ መሆኑን አላነሳም። ኢፍቱም አላነሳችበትም። እውነቱን ለመናገር መሄድ ትፈልጋለች፤ ሶፊያ ባይሆን ላይፕዚግ፣ ላይፕዚግ ባይሆን የትም። ከዚህ አዳራሽ፣ ከዚህ ሰውዬ፣ ፊቱን ከሚያዞርባት ጎረቤት መገላገል ትፈልጋለች። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የሚቀራት። ለነገሪ ግን እሁድ ምን ይባላል?

እስኪብርቶውን አነሳች። «ሶፊያ»ን አልነካችውም። «ጓድ አብተው» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ «ነገሪ ገመዳ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ፈረመች።

«ይሄ ወረቀት ከዚህ ቢሮ አይወጣም» አለ አብተው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ» አለች። ዘፈኗ ያለበትን ካሴት ከፎርሙ ጋር ከመጣው ፖስታ ውስጥ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።