የተንጋለለችው ጨረቃ

መጀመር ላይ ኛባንግን የሚቀድማት የለም፤ ጣጣው መጨረሱ ነው። የነርስነት ትምህርቷን ስደት አቋረጠባት፣ የሒሳብ አያያዙን ትዳር፣ የልብስ ስፌቱን ደግሞ የገዛ ስልቹነቷ። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ሱዛን «ጀማሪዋ» ብላ ስም አውጥታላት፣ ስሙ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ዘንድ ሳይቀር ደርሷል። ስለዚህ አርባን ካለፈች በኋላ በኢንተርኔት በነጻ ለሚሰጥ የሥነ ፈለክ ትምህርት ስትመዘገብ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይቺን አንዷን ግን ሞቼም ቢሆን እጨርሳታለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

ሥራዋ ጋምቤላ ከተማ አጠገብ ባለው ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ማስተርጎም ነው። በምሳ ሰዓት በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ቪዲዮዎቹን ስልኳ ላይ ትጭናለች፤ ከተማ ወዳለው ቤቷ ስትገባ መብራት ኖረም አልኖረም ቁጭ ብላ ታያለች። ኮከብ እንደ ሰው ተወልዶ እንደሚሞት የሰማች ቀን ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አጥታ ብቻዋን ሳቀች።

የመጨረሻው የቤት ሥራ ቀላል ነበር፦ አዲስ ጨረቃን በዓይን አይቶ፣ ያዩትን ስሎ መላክ። የሚያርሙት በሌላ አገር ሆነው አብረው የሚማሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ኛባንግ የካቲት ውስጥ አንድ ቀን፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ባሮ ድልድይ ላይ ቆማ ተመለከተች። ጨረቃዋ እንደ በሬ ቀንድ ሁለቱን ጫፎቿን ወደ ላይ አድርጋ ተንጋላለች። ቪዲዮው ላይ ያለችው፣ ከሩቅ ሰሜን አገር የታየችው የአስተማሪው ጨረቃ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች።

አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም። ያየውን ትቶ የተባለውን ይላል፤ ኛባንግ ስንት ዓመት እንጀራ የበላችው በዚሁ ነው። እናም የአስተማሪውን ጨረቃ ስላ ላከች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሦስቱም አራሚዎች ሙሉ ነጥብ ሰጧት፤ የምስክር ወረቀቱ ገጿ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ስልኳን ለሱዛን አቀበለቻት። ሱዛን በምስክር ወረቀቱ ከልቧ ደስ አላት፤ ሥዕሉ ላይ ስትደርስ ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«ይቺን ጨረቃ የት አየሻት?»

«አስተማሪው ጋ እንዲህ ናት» አለች ኛባንግ።

«ያንቺስ?»

ኛባንግ ስልኳን መልሳ ተቀበለቻት። ሱዛን ነገሩን ትታ፣ እና አሁን ጨረስሽ ማለት ነው ስትላትም፣ «አዎ» የምትለው ቃል ከአፏ አልወጣ አለቻት። አፈረች።

በማግሥቱ የተንጋለለችውን ጨረቃ ሳለች። ገጹ አስቀድሞ አስጠነቀቃት፦ ድጋሚ ከላከች የድሮው ውጤት ይሰረዛል፣ የምስክር ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለም። ከሥዕሉ ሥር «ጋምቤላ፣ ባሮ ድልድይ» ብላ ጻፈችና ላከችው።

አንዷ አራሚ አመሰገነቻት። ሁለቱ ግን ጨረቃ እንዲህ አትተኛም፣ ወደፊት በደንብ ይመልከቱ ብለው ጣሏት። የምስክር ወረቀቱም ከገጿ ላይ ጠፋ።

እሑድ ከአምልኮ ሲወጡ ሱዛን ወረቀቱን ለመዘምራኑ እንድታሳያቸው ጠየቀቻት፤ ያወጣችላትን ስም በራሷ አፍ ልትሽርላት ፈልጋ ነው። ኛባንግ መውደቋን ነገረቻቸው። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች። ሱዛን ግን ጨነቃት፤ ወደ ጎን ሳብ አድርጋት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይሄንንም ሳትጨርሺ ቀረሽ?»

«ይሄንንስ ጨርሻለሁ» አለች ኛባንግ።