ሳቅ የገባበት ድር

የመሸመኛው መወርወሪያ አሁንም መንገድ ላይ ቀረ። ከቀኝ በኩል ሲለቀቅ እንደ አይጥ ይሮጣል፤ ግራው ጠርዝ አጠገብ ሲደርስ ግን አፍንጫውን ክሮቹ መሃል ይወትፍና ቀጥ ይላል። ምላሴ ጎትታ አወጣችው።

"አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል?" አለችው፣ እንጨት የሚመልስ ይመስል።

ምላሴ የእናት አባት ስሟ አይደለም። አምና አክስቷ በስትሮክ ወድቃ ግራ እጇና ምላሷ በታሰሩ ጊዜ፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ በአክስቷ ሽመና ቤት የምትሠራው ይህች የእህቷ ልጅ ናት በእሷ ፋንታ ስታወራ የከረመችው። ለሐኪሙም ለደንበኛውም ለጠያቂውም መልስ የምትሰጠው እሷ ነበረች፤ ሳትጠየቅም ትመልሳለች። አክስቷ አንደበቷ ሲፈታ መጀመሪያ ያወጣችው ቀልድ "ይቺ ምላሴ ናት" የሚል ነበር፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። አሁን አክስትየው ትናገራለች፣ ግን ንግግሯ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ነው፤ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። ምላሴ ደግሞ መጠበቅ አልፈጠረባትም። አውቶቡሱ ሞተር እስኪያስነሳ እሷ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች።

መሸመኛው ላይ ያለው ብርድ ልብስ የሲስተር ነው። ሲስተር ያንን ሁሉ ጊዜ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ማንም ሳይለምናት፣ በዚህ በር እየገባች የክር ኳስ በአክስትየው ግራ መዳፍ ላይ አስቀምጣ "ጭመቂ" ስትል የኖረች ነርስ ናት። አሁን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ነገ በጠዋት ትሄዳለች፤ ዛሬ ከሰዓት ልትሰናበት ትመጣለች። አክስትየው ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ወፍራም ግራጫ ሱፍ አውጥታ ሁሉንም ለዚህ ድር አዋለችው። ይህ ድር ከተበላሸ ሌላ የለም። ሲስተርም ባዶ እጇን ትሄዳለች ማለት ነው።

ምላሴ መጀመሪያ የጠረጠረችው የመርገጫዎቹን ገመድ ነበር። በደረቷ ተስባ ከስር ገባችና ፈትታ አሰረችው፤ ያተረፈችው አቧራ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ክሮቹ በመሸመኛው የሚሾልኩበትን ዓይን ስተው ገብተው እንደሆነ ብላ አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለቻቸው። ሁሉም እቤቱ ነው። አክስትየው መስኮቱ ስር ማግ እያጠነጠነች ታያታለች። አፏን ልትከፍት ስትል ምላሴ ቀድማ "አውቃለሁ አክስቴ፣ ስለ መርገጫው ልትዪኝ ነው" አለች። አክስትየው ጠበቀቻት። የልጅቷ ወሬ ሲያልቅ ብቻ፣

"ከኋላ... እይው" አለች።

ምላሴ ከመሸመኛው ኋላ ዞራ መዳፏን ድሩ ላይ ጣል አደረገች። ቀኙ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ግራው እርጥብ ልብስ እንደተሰጣበት ገመድ ረግቧል። ይባስ ብሎ ድሩ የተጠመጠመበት መጠቅለያ ላይ ወደ ውስጥ ስታየው እስከ መጨረሻው እኩል አልረገበም፤ ጠበቅ፣ ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ እያለ ይሄዳል። ያኔ ገባት።

በዚህ ቤት ድር ሲጠቀለል አንዱ መጠቅለያውን ያዞራል፣ ሌላው ራቅ ብሎ ድሩን ለሁለት ከፍሎ በሁለት እጁ ይይዝና ወደ ኋላ ይለጥጣል። የያዘ ሰው አያወራም፤ የያዘንም ሰው ማንም አያዋራም። አክስትየው ከታመመች ወዲህ ይዞ የሚለጥጠው ጎረቤቱ አናጢ ነበር። ትናንት ግን አክስትየው ራሷ "የሲስተርን እኔ ነኝ የምይዘው" ብላ ቆመች። ቀኙን በቀኝ፣ ግራውን በዚያ ገና በሚማረው እጇ ያዘች። መያዝስ ያዘች። ዝምታው ያፈናት ምላሴ ናት የልብስ ሰፊውን ቀልድ ያመጣችው፦ የራሱን እጅጌ ከደንበኛው ሱሪ ጋር ሰፍቶት፣ ደንበኛው ሱሪውን ጠቅልሎ ሲሄድ "እባክህ ቀስ በል" እያለ የተከተለውን። አክስትየው ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ግራ እጇም እስኪላላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ምላሴም ይህን አይታ ዝም ትበል? ጨምራበት ደገመችው፤ ሰለሰችው።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለች አሁን፣ ለአንድ ጊዜ አሳጥራ።

"የሳቅኩት... እኔ። እጁም... የኔ ነው" አለች አክስትየው። "ይልቅ... ክብደት አምጪ።"

ምላሴ ባዶዎቹን የመድኃኒት ጠርሙሶች ከመደርደሪያው ሰብስባ ውኃ ሞላቻቸውና ከመሸመኛው ኋላ በረገቡት ክሮች ላይ በክር አንጠለጠለቻቸው። ጠርሙሱ ሲያልቅ የበሩን ቁልፍ ጨመረች። ክሮቹ ቀጥ አሉ፤ መወርወሪያውም ምንም እንዳላደረገ ሰው ከዳር ዳር ሮጠ።

"ሐኪሙ ያዘዘው ላንቺ ነበር፤ የዳነው ድሩ ነው" አለች።

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ግድግዳው ላይ የተሰካው የብርድ ልብሱ ንድፍ የአልማዝ ቅርጽ የተደረደረበት ነው፤ ድሩ ከመጠቅለያው እየተፈታ የላላው ቦታ ሲደርስ ግራ በኩል ያሉት አልማዞች ተነፋፍተው በቡጢ የተመታ ዓይን መሰሉ። "ሲስተር ብታየው በረዶ ትይዝበታለች" አለች ምላሴ። አክስትየው አልሳቀችም። ተነስታ መጣችና የሚማረውን እጇን ጨርቁ ላይ አሳረፈች፣ ቀስ ብላም ዳሰሰችው።

"ንድፉ... ለጥብቅ ድር ነው የተሳለው" አለች። "ላላ ሲልብሽ... አልማዙን ተዪው። ተራ ሽመኚ።"

አልማዝ ሲሸመን ማጉ ክሮችን እየዘለለ ነው የሚያልፈው፤ የላላውን እንደላላ ይተወዋል። ተራ ሽመና ግን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረገ እያንዳንዱን ክር አንቆ ይይዛል። ለዚህ ደግሞ ክር መንቀል አያስፈልግም፤ የእግር አረጋገጡን መለወጥ ይበቃል። ምላሴ የተበላሸውን ፈትታ እንደተባለችው ሞከረችው። ጨርቁ ሳይነፋ ተኛ። ግን ከአልማዙ መሃል ድንገት ልሙጥ ሲመጣ ሸማኔዋ እንቅልፍ የወሰዳት አስመሰለው።

"መደበቅ ካልቻለ ለምን አይኳልም?" ብላ ከትርፍራፊው ቅርጫት ቀይ ክር አወጣች። አክስትየው ቀዩን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ቀዩንም ራሷ ማጠንጠን ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈሰሰ። ድሩ በጠበቀበት ግራጫ አልማዝ፣ በላላበት ቀይ መስመር። ልል በመጣ ቁጥር ምላሴ "ልብስ ሰፊው መጣ" ትላለች። ቀዮቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ጣት ያህል ነው፣ አንዱ ስንዝር ይሞላል።

"እዚህ ጋ..." አለች አክስትየው ሰፊውን እያሳየች፣ "ሱሪው... ታክሲ የተሳፈረበት ነው።"

ጸሐይዋ ከመስኮቱ ሳትወርድ ቆርጠው አወረዱት፤ ጫፉንም ቋጩት። ምላሴ ቀዮቹ ወደ ውስጥ እንዲገቡ አድርጋ አጠፈችው። ከላይ ሲታይ ግራጫ አልማዝ ብቻ ሆነ፤ እንከን አይወጣለትም። ንግግሯንም ከጠዋት ጀምራ አዘጋጅታለች፤ "ውለታሽን በምን እንከፍላለን" ብሎ የሚጀምር፣ መሃሉ ላይ ሲስተርን የሚያስለቅስ፣ መጨረሻው ላይ የሚያስቅ።

ሲስተር ገባች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ገና ዕቃ እንዳላሰረች፣ ቁጭ እንደማትል ተናገረች። ምላሴ ብርድ ልብሱን ክንዷ ላይ አስቀምጣላት ጉሮሮዋን ጠረገች።

አክስትየው ግን ግራ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ እጥፋቱን ፈለጉት፣ ስተውት አለፉ፣ ተመልሰው ያዙት። ገለጠችው። ቀዩ ወደ ላይ ወጣ።

"እትዬ፣ ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?" አለች ሲስተር።

መልሱ ምላሴ ከንፈር ላይ ደርሷል። የአክስቷን አፍ አየች፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፣ ይንገታገታል። የምላሴ ጣት ላይ ከብርድ ልብሱ ጫፍ የተረፈ ክር ነበር። አፏ ውስጥ ከተተችውና በጥርሷ ነከሰችው።

"እጄ..." አለች አክስትየው፣ "ድር ያዘ።" ቆየች። "ስስቅ... ለቀቀው። ቀዩ... የሳቅኩበት ነው።" እንደገና ቆየች። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልረዳትም። "አንቺ ባትኖሪ... የሚይዝም... የሚለቅም እጅ... አይኖረኝም ነበር።"

ሲስተር ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ቁጭ አለች።

ምላሴ ክሩን እንደነከሰች ከመሸመኛው ኋላ ዞረች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ፣ እንዳይጋጩ በመዳፏ እየደገፈች፣ መፍታት ጀመረች።