ከሦስት ቤት የተለቀመ ጭራ

ደረበ የመሲንቆውን ጭራ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ትናንት ደህና የነበሩ ፀጉሮች ዛሬ ተበጥሰው ከመቃኛው ሥር ተንጠልጥለዋል። በጥርሱ ነክሶ ቆረጣቸው። ከዚያ ሽርጡን መሬት ላይ ዘርግቶ መሲንቆውን መጠቅለል ጀመረ። በዚህ አዝማሪ ቤት መሲንቆ የሚያድረው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው፤ የሚጠቀለል የመንገደኛ መሲንቆ ነው። ይህን እያወቀ ጠቀለለው።

ፈረስ መተማ ላይ አይበረክትም። አህያ ሞልቷል፣ ግመልም አይታጣም፤ ለመሲንቆ ግን የፈረስ ጭራ ካልሆነ እርባና የለውም። ዱሮ ከዳባትና ከደባርቅ የሚወርዱ ሹፌሮች አንድ እፍኝ ጭራ በፌስታል ቋጥረው ያመጡ ነበር፤ ዋጋውም ስማቸው የተነሳበት አንድ ዘፈን ነበር። አሁን የጎንደር መንገድ ጥቂት ቀን ይከፈትና መልሶ ይዘጋል፣ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ወዲያ ደግሞ ጦርነት ነው። ሹፌር ከሌለ ጭራ የለም፤ ሹፌር ከሌለ አድማጭም የለም። የቀረው የከተማው ሰው የራሱን ጭንቅ እያስታመመ ማንን ይሸልም?

ክረምት ሲገባ የደረበ ጭራ ሳስቶ ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ሆነ። የአያ ባየልኝም እንደዚያው። ደረበን ከልጅነቱ ጀምረው መሲንቆ ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና፣ መላ ያመጡትም እሳቸው ሆኑ። «የሁለታችንን ፈትተን አንድ ደህና ጭራ እንሠር» አሉ። ሁለቱ ተደምረውም አልበቁም። ያን ጊዜ የቤቱ ባለቤትና ዘፋኝ ስርጉት ወደ ጓዳ ገባችና የሟች ባሏን መሲንቆ ይዛ ወጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር። ጭራውን ራሷ ፈታችው። ስትፈታ አላለቀሰችም፤ ሲያለቅስ የነበረው ደረበ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሦስት መሲንቆ ፋንታ አንድ መሲንቆ አላቸው። አንድ ቀን ደረበ፣ አንድ ቀን አያ ባየልኝ ይመታሉ፣ ስርጉት ትዘፍናለች፣ የተገኘው ከአንድ ትሪ ይበላል። መሲንቆው ከቤት እንዳይወጣም ተማምለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእነሱ ጭራ ተባብሮ ያሰረው ግን ራሳቸውን ነበር።

ትናንት በኮኪት በኩል ካለ የሰሊጥ እርሻ ሳጂድ የሚባል የትራክተር ሹፌር መጣ። አጨዳው ደርሷል፤ ሠራተኛው ግን በመንገዱ ምክንያት ጥቂት ነው፤ የመጣውም ጥሩ ወጥ ወደሸተተው ካምፕ ይኮበልላል። ባለሀብቱ ታዲያ አዝማሪ ፈለገ።

«አዝማሪ ያለበትን ካምፕ ሰው አይሸሸውም» አለ ሳጂድ። «እስከ አጨዳው ማብቂያ ምግብህም ደሞዝህም ከእኛ ነው። መሲንቆህን ይዘህ ና።»

«ሽማግሌውንና ዘፋኟንስ ባመጣቸው?»

«አንድ ሰው ነው የተባልኩት። በረሃ ውስጥ ሽማግሌ ማን ያስታምማል? ነገ ከሰዓት እመጣለሁ። ትሄዳለህ ወይስ ሌላ ልፈልግ?»

ደረበ «እሄዳለሁ» አለ። ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነበር። ሚስቱ ሳንጃ እናቷ ቤት አራስ ናት፤ ከወለደች ጀምሮ የላከላት ሰላምታ ብቻ ነው። ልጁን በዓይኑ አላየውም። እዚህ ቢቀር ጭራው ፀጉር በፀጉር ያልቅና ሦስቱም አብረው ዝም ይላሉ። ቢሄድ ሁለቱ ዛሬውኑ ዝም ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ አደረ፣ ግን አንዱም ከሌላው አልተሻለውም።

ስርጉት ወለሉን ውሃ ልትረጭ ስትገባ ጥቅሉን አየች።

«ምነው ጠቀለልከው?»

«አቧራ እንዳይነካው ብዬ።»

«ጎሽ፣ ደግ አደረግህ» አለችና ውሃዋን መርጨት ቀጠለች። ደረበ ብትጠረጥረው ይሻለው ነበር። እንዲህ ስታምነው ራሱን ጠላው።

የሰዓት እላፊው ከታወጀ ጀምሮ ጨዋታው ቀን ሆኗል። ከምሳ በኋላ መኪናቸው ጉምሩክ አጠገብ የቆመባቸው ሹፌሮች ገቡ፤ አንዱ ጫማውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተጋደመ። ተራው የደረበ ነበር። መሲንቆውን ከሽርጡ አውጥቶ ቃኘው፣ ዕጣን መምቻው ደገን ላይ አሸት አሸት አደረገና ጀመረ። ትራክተሩ እስኪመጣ መጫወት፣ ከዚያ መሲንቆውን በሽርጡ ሸፍኖ ለሽንት የወጣ መስሎ መሄድ፤ ያሰበው ይህን ነበር። ፊታቸውን እያየ መሰናበት አልሆነለትም።

ሁለተኛውን ዘፈን ሲጨርስ አያ ባየልኝ ገቡ። ተራቸው ባልሆነ ቀን ቤታቸው ተኝተው ነው የሚውሉት። ዛሬ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ እንደ አዝማሪ ከደረበ ጎን ሳይሆን እንደ እንግዳ ከሹፌሮቹ መካከል ተቀመጡ። ስርጉት ሳቀችባቸው።

«ዛሬ ደግሞ ሊሸልሙን መጡ እንዴ፣ አያ?»

«ብርስ የለኝም» አሉ። «ግጥም ግን አላጣም።» ከዚያ ወደ ደረበ ዞሩ። «ተቀበል።»

አዝማሪ ተቀበል ከተባለ ይቀበላል። ስድብም ይሁን ሙገሳ፣ ሰካራም ይስጠው ጨዋ፣ የተሰጠውን ግጥም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤቱ ያሰማል። መርጦ የሚቀበል አዝማሪ አዝማሪ አይባልም፤ ይህን ያስተማሩት ራሳቸው አያ ባየልኝ ናቸው። ሲያስተምሩትም የገዛ አባቱን የሚሰድብ ግጥም ሰጥተው እስኪዘፍነው ድረስ ምሳ ከልክለውታል።

«እቀበላለሁ፣ አያ» አለ ደረበ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከሦስት ቤት ለቃቅመን ያሰርነውን ጭራ፣
ይዞት ይሄዳል ወይ ልጄ ከልቤ ጋራ?»

ደረበ ደገኑን ከጭራው ላይ አነሳ። አውቀዋል። ማን እንደነገራቸው አልገባውም፤ ምናልባት ማንም አልነገራቸውም፤ አብረው ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ጉርሻው ሲያንስ ይተዋወቃሉ። ሊቆጣ ፈለገ፣ ሊስቅ ፈለገ፤ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር። ደገኑን ሳበውና ዘፈነው።

ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። የፍቅር ዘፈን መስሏቸዋል። ተጋድሞ የነበረው ተነስቶ ተቀመጠና «ኧረ ልጁ ጨክኗል» አለ። ስርጉት እንደ ልማዷ ስንኙን ልትደግም አፏን ከፍታ «ከሦስት ቤት» እንዳለች ቆመች። ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ችንካር አየች፣ መሬት ላይ የተጣለውን ሽርጥ አየች፣ ከዚያ ደረበን አየችው። ካቆመችበት ቀጥላ ስንኙን እስከ መጨረሻው አወረደችው፤ ድምፁ እንዲህ ሲያምርላት ደረበ ሰምቶ አያውቅም።

ደጅ ላይ የትራክተር ጡሩምባ ተነፋ። ወዲያው ሳጂድ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ።

«ያላ ደረበ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮኪትን ማለፍ አለብን።»

ደረበ ቀና ብሎ ማንንም ማየት አቃተው።

«ተቀመጥ ወንድሜ» አለችው ስርጉት ሳጂድን፣ በርጩማ እየሳበች። «የተሰጠው ግጥም ሳያልቅ አዝማሪ አይነሳም።»

ሳጂድ ሞተሩ ወዳልጠፋው ትራክተር መለስ ብሎ አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

ደረበ ስንኙን ደገመው። ሲደግመው አንድ ፀጉር ተበጥሶ ክንዱ ላይ አረፈ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሂያጅም ቀሪም አልነበረምና ሊያስረዝመው ሞከረ፣ ደገኑን ቀስ አድርጎ ሳበው፣ እስትንፋሱን ቆጠበ። ሁለት ስንኝ ግን ቢጎተት የት ይደርሳል። ወደ መጨረሻው ቃል ሲቃረብ አያ ባየልኝ እጃቸውን አነሱ።

«ቀሪ አለው» አሉ። «ተቀበል፣ ልጄ።»

የሚሰጡት «ሂድ» የሚል ይሁን «ቅር» የሚል፣ ምርቃት ይሁን እርግማን፣ ከፊታቸው ማንበብ አልተቻለውም። ምንም ይሁን ምን፣ በሁሉም ፊት ከራሱ አፍ ነው የሚወጣው።

«እቀበላለሁ፣ አያ» አለ ደረበ፣ ደገኑንም ጭራው ላይ አሳርፎ ጠበቀ።