ከወለሉ በታች ያለው ሰው

ካህኑ ደፉ ላይ ሲደርስ እግሩን ሰበሰበ። የአሦር ንጉሥ ከግዞት የመለሰው ሰማርያ ላይ ያሰፈራቸውን ባዕዳን የአገሩን አምላክ ወግ እንዲያስተምር ነው። ወጉን ስለማያውቁ ነው አንበሳ የሚጨርሳቸው ተብሏል።

ባኒቱ ከውስጥ አየችው። ከባቢሎን ስትነዳ አላለቀሰችም፤ ባሏን አንበሳ ወይን ማሳው ውስጥ የበላው ዕለትም አላለቀሰችም። የተረፈውን ሰብስባ፣ እንዳገሯ ልማድ፣ ከመኝታዋ አጠገብ ወለሉን ቆፍራ ቀበረችው። ማታ ማታ ውሃ ታፈስለታለች። ውሃ ያጣ ሙት ሲንከራተት ይኖራላ!

«ይግቡ እንጂ አባቴ!» አለ ጎረቤቷ ኑራያ። ነገሩን ለካህኑ ያደረሰው እሱ ነው። «እሷ አትናከስም። ባሏን ግን ዛሬም እቤት ታሳድራለች።»

«ያንተዋ ሚስት በቁምህ እንኳ አታስገባህም» አለች ባኒቱ፣ ፊቷ ሳይፈታ።

ኑራያ ሳቀ። ግቢውን የሞሉት ሰፋሪዎች ግን አልሳቁም፤ አንበሳው ትናንትም መጥቶ ነበር።

«ሙት ያለበት ቤት ካህን አይገባም» አለ ካህኑ። «አውጪና ከመንደር ውጭ ቅበሪው።»

«ውጭማ አንበሳ አለ። አንዴ በልቶታል።»

 የካህኑ እጅ የበሩ መቃን ላይ ወጣ፤ ሳያይ አንዲት የተፈለፈለች ቦታ አግኝቶ ዳበሳት።

«ቤቱ የርስዎ ነው?» አለች ባኒቱ።

«የአባቴ።»

አጥንቱ ሲወጣ ቤቱ ይነጻል፤ ሲነጻ ባለቤቱ ይገባል። ባኒቱ ይህን የሌላ ሰው ጣጣ ይመስል አሰበችው።

«ዓለት ውስጥ የተፈለፈለ መቃብር አለን» አለ ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አፉ በድንጋይ ይገጠማል፤ አውሬ አይደፍረውም። ከአባቴ ጎን ይተኛ።»

«ከዚያ በኋላ እርስዎ ይገባሉ?»

ካህኑ እጁን ከመቃኑ አወረደ።

ኑራያ ዶማ አቀበላት። «ሳይመሽ፣ እህቴ» አለ፤ አሁን አልቀለደም።

ባኒቱ ዶማውን ተቀብላ ወደ ካህኑ ዞረች። «ማንም አይግባብኝ።»

ካህኑ ጀርባውን ሰጥቷት በአባቱ በር ላይ ዘብ ቆመ። ደጅ ያለው ሰው ሁሉ የዶማውን ድምፅ ለመስማት ጆሮውን ጣለ። እሷ ዶማውን እንደያዘች፣ ወለሉን ሳትመታ፣ በሩን የሞላውን ጀርባ ስታይ ቆየች።