ማመልከቻና መከማቻ

ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሠርቷል። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት የብረት ፊደሎችን ከመሳቢያ አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታ፣ ዓይኑ ግን አልፈታም። ረዘም ያለ ቃል ካየ በልቡ ይበታትነዋል፣ ከፍርስራሹም ሌላ ቃል ይለቅማል። ይህን ደግሞ ለራሱ ብቻ ቢይዘው ማን በነካው!

አንድ ቀን አክስቴ ለሳል የታዘዘላትን ሽሮፕ በማንኪያ ቀድታ አፏ ልታደርስ ስትል፣ ጠርሙሱን አተኩሮ እያየ፣ "የሚገርም ነው፣ መድኃኒት ውስጥ ድመት አለች" አላት። ማንኪያው ግድግዳ ላይ ነው ያረፈው።

"ቃሉ ውስጥ ነው ያልኩት! ድ፣ መ፣ ት!" አለ ደንግጦ። ከዚያም ነገሩን ያበረደ መስሎት፣ "ሚስት ውስጥም እኮ 'ስሚ' አለ" ብሎ ጨመረ።

አክስቴ ሽሮፑን ከግድግዳው እየጠረገች ትንሽ አሰበች። "ባል ሲገለበጥ ደግሞ ልባ ይሆናል" አለችው። "ልባም ለመሆን አንድ ፊደል ጎድሎት!"

ጋሼ ሳምንት ሙሉ በዚህ መልስ ሲኮራ ሰነበተ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት በራቸው ላይ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ቤት ውስጥ ጠብታ የለም፣ ደጁ ግን ሐይቅ ሆነ። የጎረቤት ዳክዬዎች ጠቅልለው መጥተው ሰፈሩበት። አክስቴ ገበያ ለመሄድ በሩን ስትከፍት ዳክዬዎቹ እንደ ባለቤት ዞር ብለው ያዩዋታል። ሁለት ጊዜ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ አመለከተች፣ ሁለቴም የበላው ጅብ አልጮኸም። ለሦስተኛው ባሏንም እኔንም አስከትላ ሄደች። መንገድ ላይ ክንዴን ጎትታ፣ "ከጎኑ እንዳትለዪ። ግድግዳ እንዳያነብ" አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ በእንጨት ወንበር የተደረደረ ሰው ተራውን ይጠብቃል። ከፊት ለፊት ሦስት ባለ መስታወት መስኮቶች አሉ። የመስኮቶቹ ሥራ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ስማቸው በቀለም አልተጻፈም። መዳፍ የሚያህሉ ቢጫ የፕላስቲክ ፊደሎች በየመስኮቱ አናት ባለ የእንጨት ቦይ ላይ ይደረደራሉ፣ ሲፈለግ ይነሳሉ። ሦስተኛው መስኮት ላይ "ማመልከቻ" ይላል። ይህን ሳይ ልቤ ወረደ። ፊደል ለቃሚ ፊት የሚለቀም ፊደል ማስቀመጥ ምን ማለት ነው?

ተራችን ሲደርስ የመስኮቷ ሴትዮ ወረቀታችንን አገላብጣ፣ "እናቴ፣ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ይጎድላል፣ እሱን ያክሉበት" አለች። አክስቴ እየተነጫነጨች ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወጣች። ሴትዮዋም "አንዴ መጣሁ" ብላ መጋረጃዋን ጋርዳ ሄደች።

ጋሼ ለአሥር ደቂቃ ያህል እጁን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ታገለ።

"ወንበር ውስጥ ወር አለ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ጋሼ፣ ተው።"

"ለካ ያለ ነገር አይደለም የቆየነው።" ዓይኑን "ሥራ አስኪያጅ" ወደሚለው የጥግ በር መለሰ። "ሥራ አስኪያጅ ውስጥስ ማን እንዳለች ታውቂያለሽ? አራስ! ከክፍሉ የማይወጣው ለዚህ ነው።"

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ፈቃድ አገኘ መሰለው፣ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። በአንድ ጣቱ ል-ን ገፋ፣ ቻ-ን አስጠጋ።

"ቻል" ብሎ አነበበ። መ-ን ከፊቱ አደረገበት። "መቻል! አያችሁ? እዚህ ቤት የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው!"

ከጎኔ የተቀመጠች ልብስ ሰፊ አንገቷን አሰገገች። "መማልም ይወጣዋል" አለች።

"ይወጣዋል! ማከልስ?"

"እሱ ቃል አይደለም።"

"እንዴት ቃል አይሆንም? አሁን ፎቶ ኮፒ አክሉ አላሉንም? ያ ማከል ካልሆነ ምን ሊባል ነው?"

አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ቃል ነው"፣ ግማሹ "መጨመር ነው የሚባለው" እያለ ይሟገታል። ተራውን የረሳ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ጋሼ የሠላሳ አራት ዓመት ልምዱ ጣቶቹ ላይ መጣለትና ል-ን ከቦዩ አንስቶ፣ አራቱን ፊደሎች ቀጭ ቀጭ አድርጎ ደረደራቸው።

"መከማቻ!"

አጨበጨቡለት። እውነቴን ነው፣ አንድ ሽማግሌማ ቆመው ነው ያጨበጨቡት። ወዲያው ጥበቃው ከበሩ፣ "አባት፣ መዝገብ ላይ ሳይፈርሙ ነው የገቡት፣ ይምጡ" ብሎ ተጣራ። ጋሼ ል-ን እንደያዘ ሊፈርም ሄደ፣ እኔም እንዳልለየው ታዝዣለሁና ተከተልኩት። ብዕሩ አልጽፍ አለ፣ ሌላ ልንገዛ ደጅ ካለው ሱቅ ሄደን ቆየን። ኋላ እንደሰማነው፣ በዚህ መሃል ነው አንድ ሰው ጎማ ተሸክሞ የገባው።

"ይሄን የት ላስቀምጠው?" አለ።

ጥበቃው አሻግሮ አየ። ሦስተኛው መስኮት ላይ በቢጫ ፊደል "መከማቻ" ይላል። የመስኮቶቹ ሥራ ሲለወጥ ለእሱ ነግሮት የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሁልጊዜ አንብቦ ነው የሚረዳው። "እዚያ፣ መከማቻው ጋ" አለ ኮራ ብሎ።

ጎማው ተቀመጠ። ጎማ ያየ ሌላ ባለጉዳይ ሻንጣውን አጠገቡ አሳረፈ። ጃንጥላዎች ተከተሉ። ግን ትልቁን ክምር ያመጡት ባለጉዳዮቹ አልነበሩም፣ ሠራተኞቹ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ መከማቻ ከፈተ የሚለው ወሬ በየቢሮው እንዴት እንደ ተዛመተ አላውቅም። እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ መጣ። ክዳን የሌለው የጽሕፈት መኪና መጣ። የደረቀ አበባ ከነማሰሮው፣ የሞተ ማራገቢያ፣ አንድ እግር ቦቲ ጫማ መጣ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ የብረት ቁም ሳጥን እየገፋ መጥቶ፣ "ስድስት ዓመት ነው ይህን ቀን የጠበቅሁት" ብሎ በእፎይታ ተነፈሰ።

እኛ ፈርመን ስንመለስ መስኮቱ የለም። ማለቴ፣ አለ፣ ከክምሩ ጀርባ ነው። ከላይ ቢጫዎቹ ፊደሎች ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ።

ጋሼ መዳፉን ከፍቶ ል-ን አየ። ፊቱ ዓመድ መሰለ። "ልጄ" አለኝ፣ "ጥፋት አጥፍተናል።"

"አጥፍተናል? እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?"

"ስቀሻል።"

የመስኮቷ ሴትዮ ከውስጥ በኩል መጋረጃዋን ስትገልጥ ቁም ሳጥን አፍጥጦ ጠበቃት። ጩኸቷ ጥጉ በር ድረስ ተሰማ፣ በሩም ተከፈተና ሥራ አስኪያጁ ወጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል።

"ይሄን ማን ፈቀደ?"

"ጽሑፉ" አለ ጥበቃው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውርዶ አነበበ። "ማመልከቻ ነበር እኮ! ል-ስ የት ገባ?"

ጋሼ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። "እኔ ጋ ነው" አለ።

"በሉ አሁኑኑ ወደ ቦታው ይመልሱት!"

ጋሼ ጎማው ላይ ወጣ፣ እኔ ወገቡን ደገፍኩት። ፊደሎቹን አንስቶ አንድ በአንድ መደርደር ጀመረ። በድንጋጤ ይሁን በአመል እስካሁን አይነግረኝም፣ ሲጨርስ ግን የተጻፈው ማመልከቻ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብሎ አነበበ። "ከመቻልማ... ከመቻልማ ምን?"

በዚያች ቅጽበት አክስቴ ፎቶ ኮፒዋን እያራገበች በበሩ ገባች። ስለ ጨዋታው የምታውቀው ነገር የለም፣ ሰውየው እሷን የጠየቃት መሰላት።

"ከመቻልማ መጮህ ይሻላል!" አለችው። "ሁለት ወር ቻልኩ! ቤቴ ውሃ የለም፣ ደጄ ላይ ዳክዬ ይዋኛል! ትናንት አንዷ ጫማዬ ውስጥ እንቁላል ጣለች! እስክትፈለፍል ልቻል ነው የምትለኝ?"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን እሷን እየሰማ አልነበረም። ዓይኑ ፊደሎቹ ላይ ተተክሎ በጣቱ ይቆጥራል። "ከ... መ... ቻ... ል... ማ። አምስቱም ገቡ?" አለ። "አንድም ሳይተርፍ?"

"አንድም አልተረፈም" አለ ጋሼ ከጎማው ላይ።

"በስመ አብ!" ብሎ ሰውየው ሌላ ቃል ከውስጡ ይፈልግ ጀመር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ቆይቶ ነው "ዳክዬ ነው ያሉት?" ብሎ ወደ አክስቴ የዞረው። ወረቀቷን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ፣ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ፈረመበት።

በሦስተኛው ቀን ቧንቧ ሠራተኞች መጥተው ቆፈሩ፣ ጠገኑ፣ ሄዱ። ዳክዬዎቹ ከደረቀው ጭቃ ዳር ቆመው ሲንጫጩ ዋሉና ማታ ወደ ቤታቸው ገቡ። አክስቴ በዚያ ሳምንት ያላጠበችው መጋረጃ የለም።

ክምሩን ለማንሳት ግን አራት ቀን ፈጅቷል አሉ፣ ምክንያቱም ማንም "የኔ ነው" የሚል አልተገኘም። የመስኮቶቹ ፊደሎችም በማጣበቂያ ተለጠፉ። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ ብቅ ብሎ አዳራሹን ያያል፣ የግድግዳ ማስታወቂያ ፊት ቆሞም ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ይገኛል።

ይህን የነገረን ጥበቃው ነው። ከመዝገቡ ላይ የጋሼን ስልክ ወስዶ አሁን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይደውላል። ትናንት ሲደውል እነአክስቴ ቤት ምሳ ላይ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ አገኘሁ!" ሲል እኔ ድረስ ይሰማል። "ቀጠሮ ውስጥ ሮጠ አለ!"

ጋሼ ከደስታው ብዛት ሹካውን እንደያዘ ተነሳ። "ጎበዝ! ጎበዝ! በል ቀጥል!" እያለ በክፍሉ ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። አክስቴ ሰዓቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያም ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ የቀረውን ድንች በላችለት።