የሽመላው ውል ሲታደስ

ባሌን ከእኔ ያራቀው የገዛ ሥራዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። የምሠራው ረግረጋማ ቦታዎችን በሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ፣ አጋር በሚያፈላልገው ክፍል፣ በኃላፊነት ነው። በአጭሩ ከኩባንያና ከመንግሥት ገንዘብ እለምናለሁ፤ ብቻ በተተኮሰ ልብስና ባማረ ወረቀት ነው የምለምነው። ባሌ ደግሞ በዚያ ገንዘብ ሁለት አገሮች የሚጋሩትን ትልቁን ረግረግ ይጠብቃል። እኔ በቀናኝ ቁጥር እሱ እዚያ ይከርማል።

ቢሮ ውስጥ ሽመላው ይሉታል። እግሩ ረጅም ነው፤ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ሲራመድ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከእኔ ጋር የሚኖሩት እናቱ ግን ስሙን አይወዱትም። "ሽመላስ ወቅቱን ጠብቆ ይመለሳል" ይላሉ። የእሳቸው ልጅ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ቀን ነው።

የረግረጉ ገንዘብ የሚመጣበት፣ እሱም የተመደበበት ውል የሦስት ዓመት ነበር። ሊያልቅ ሲቃረብ ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። ለልብሱ የሚሆን ቦታ ቁም ሳጥን ውስጥ አስለቅቄ፣ አማቴ እንዳያዩብኝ ዘጋሁት። ናፍቆት ሲበዛ ያጃጅላል። በር ሲንኳኳ ፀጉሬን እነካካለሁ፤ የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው እንደሆነ እያወቅኩ።

ይሄኔ ገንዘቡን የሚሰጠው ኩባንያ ውሉን ላድስ አለ። ውሃ አሽጎ የሚሸጥ ትልቅ ኩባንያ ነው፤ የሁለቱ አገር መንግሥታት ድርሻቸውን የሚያዋጡትም እሱ ካዋጣ ብቻ ነው። እሱ እጁን ከሰበሰበ ሁሉም ይሰበስባሉ። ጠባቂዎቹ ይበተናሉ፣ ረግረጉን አጠንፍፈው ለማረስ የቋመጡት ባለሀብቶችም ቦይ መቆፈሪያቸውን ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ ውሉ እንዲታደስ መድከም ነበረብኝ፤ ደከምኩም። ባሌ ይመለስ ወይስ ለሌላ ሦስት ዓመት ይቆይ የሚለው ግን አልተወሰነም ነበር።

ታዲያ ለምን አልጠየቅሽውም ትሉኝ ይሆናል። ሥራውን ስይዝ ሚስቱ መሆኔን ለዳይሬክተሩ አሳውቄያለሁ። እሳቸውም ከስብሰባ ውጪ ስለ ውሉ ከባሌ ጋር አንዲት ቃል እንዳልነጋገር ቃል አስገብተው ፈቀዱልኝ። ሌላ ባልና ሚስት ቢሆን ስልኩን ይዞ ጓዳ ገብቶ ይጨርሰው ነበር፤ ማን ያያል? እኔና እሱ ግን ቃል ከገባን ገባን ነው፤ ሁለታችንም ደረቆች ነን። እኔ ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም እነግረዋለሁ፣ እሱ ከብርድ አገር ስለመጡት ዳክዬዎች ይነግረኛል። ስለ ዳክዬዎቹ ሲያወራ ድምፁ ሞቅ ይላል። በቃ ልቡ እዚያ ነው አልኩ። ቀናሁ። በዳክዬ የቀናሁ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ረጅሙን ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን፤ ንግግር የማታበዛው የኩባንያው ተወካይ፣ ከየመንግሥቱ አንዳንድ ሰው፣ ዳይሬክተሩና እኔ። ባሌ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ብቅ አለ። ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል፤ ከደረቱ አንድ ቁልፍ ወልቋል። ሌሎቹ የሚያዩት የጣቢያውን ኃላፊ ነው፤ የእኔ ዓይን ቁልፉ የወለቀበት ቦታ ላይ ቀረ። እዚያው መርፌ አምጡልኝ ማለት አማረኝ።

"እንደምን ዋሉ?" አለኝ፣ በሥራ ደንብ።

"ደህና፣ እርስዎስ?" አልኩት።

ስለ ውሃው ከፍታ፣ ስለ ሸምበቆው፣ ስለ ወፎቹ ቆጠራ እንደ ልማዱ ሳያጋንን ተናገረ። ሲጨርስ የኩባንያው ተወካይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መፈረሙ እንደማይከብዳት፣ ግን ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚሠራ ማወቅ እንደምትፈልግ ገለጸችና "እርስዎ ይቆያሉ ወይስ ይመለሳሉ?" ብላ ጠየቀችው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኑን ሲያርገበግብ ነው አለመቋረጡን ያወቅኩት።

"ይህንን የአጋርነት ክፍል ኃላፊዋ ቢመልሱልኝ" አለ። "እሳቸው ያሉትን እቀበላለሁ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መቆየት እንደሚፈልግ ፊት ለፊቴ መናገሩ ከብዶት ነው አልኩ በሆዴ። እንዳይከፋኝ ብሎ እኔው ላይ ጣለው። "ይመለሳሉ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከሚወደው ነገር ነቅዬ ቤት ባስቀምጠው ምን እጠቀማለሁ?

"ይቆያሉ" አልኩ።

ተፈረመ፣ ተጨበጨበ። ዳይሬክተሩ እጄን ጨብጠው ሊለቁኝ አልቻሉም። ባሌ "አመሰግናለሁ" አለ፤ ስክሪኑ ጠፋ።

ውሉ ከተፈረመ እገዳው አበቃ ብዬ፣ የብሮሹር ካርቶን የሚከማችበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ደወልኩለት። ወዲያው አነሳው።

"ደስ አለህ?" አልኩት።

"አንቺ ደስ ካለሽ" አለ። ከዚያ፣ "'ይመለሳሉ' ትያለሽ ብዬ ነበር" አለኝ።

ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። "እነዚያ ዳክዬዎችስ? ስለ እነሱ ስታወራ እኮ..."

"ታዲያ ስለ ምን ላውራሽ? ናፈቅሽኝ ብልሽ ስለ ውሉ ማውራት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።"

አለቀስኩ። እሱም እንዳለቀስኩ ገብቶታል። ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ እንደማይባል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለት መንግሥትና አንድ ኩባንያ የፈረሙት በእኔ ቃል ነው።

"ዛሬ ጠዋት አጎበሬን አውርጄ ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነበር" አለኝ።

"መልሰህ ስቀለው። እዚያ ትንኙ ክፉ ነው" አልኩት።

ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ቦታ አስቀመጠው። የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት፣ ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያ ሚስማር ሲመታ ሰማሁ። በመሃል "አለሽ?" ይለኛል፤ "አለሁ" እለዋለሁ።

"ጨርሻለሁ" አለ በመጨረሻ።

"በግራ በኩል ላላ ብሏል፤ እንደገና ምታው" አልኩት፣ ስልኩን እንዳይዘጋብኝ ብዬ።

ምን አየሽና ነው አላለኝም። እንደገና ይመታ ጀመር።